ምሳ ከየት ይበላ? ፉድ ትራክ፣ ጎዳና ዳር፣ ምግብ ቤት፣ ክበብ ወይስ ምሳ ዕቃ

ቢሮዬ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። 6፡30 ሲሆን ያው ጥያቄ ይነሳል። «ዛሬ የት እንብላ?» ከጥቂት ዓመታት በፊት መልሱ ቀላል ነበር። ወይ የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ነው፣ ወይ ጥጉ ላይ ያለችው ሽሮ ቤት። አሁን ምርጫው በዝቷል። መኪና ላይ ምግብ እየሠራ የሚሸጥ፣ በመብራትና በቀለም ያሸበረቀ ፉድ ትራክ አለ። ሳምቡሳና እርጥብ የሚሸጡ ልጆች አሉ። በስልክ አዝዞ ቢሮ ድረስ ማስመጣትም አለ። የኮሪደር ልማቱ ደግሞ ብዙ የምናውቃቸውን ቤቶች ከቦታቸው አንስቷል። ደንበኛ የነበረ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ መምረጥ ጀምሯል።

እዚህ የትኛው ቤት ጎበዝ እንደሆነ አልናገርም። ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ወጥ ሠሪዋም ትቀየራለች። መመዘኛ ከያዛችሁ ግን የትኛውም ሻጭ መስኮት ፊት ቆማችሁ በ2 ደቂቃ ትለኩታላችሁ።

ጉዳዩ የግሌም ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከአንድ ፉድ ትራክ በርገር በላሁ። መኪናው ያምራል። ወረፋ ነበረው። ሙዚቃው ደስ ይላል። በልቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። 10 ሰዓት ሳይሞላ ነጭ ላብ አጠመቀኝ። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ለሐኪምና ለመድኃኒት ያወጣሁት ብር የሁለት ሳምንት ምሳ ይችለኝ ነበር። ተኝቼ ሳስበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማዮኔዙ ጠርሙስ መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሞ ነበር። ዓይኔ አይቶታል፣ ልቤ ግን አላየውም። ያን ቀን የገዛሁት ምግቡን ሳይሆን መኪናውን ነበር።

## ዓይናችን ምን ላይ ያርፋል?

ሰው ከፉድ ትራክ ለምን ይገዛል? ራሴንና የሥራ ባልደረቦቼን ሳስተውል መጀመሪያ የሚጠራን ሽታው ነው። ሽንኩርት የጋለ ዘይት ላይ ሲወድቅ መንገድ የሚያቋርጠውን ሰው ያስቆማል። ቀጥሎ ወረፋው ነው። «ሰው ካለበት ጥሩ ነው» እንላለን። ከዚያ መልኩ ይመጣል። አዲስ ቀለም፣ የሚያበራ ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ልጆች። ከዚያ ደግሞ ቲክቶክ አለ። አይብ ሲሳሳብ የሚያሳይ ቪዲዮ ማታ አይታችሁ ከሆነ፣ በማግስቱ እግራችሁ ራሱ ይወስዳችኋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮጊ የተባለ መኪና የኮሪያን ሥጋ ታኮ በሚባለው የሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልሎ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ የት እንደሚቆም በትዊተር ይናገር ነበር። ሰውም መልእክቱን እየተከታተለ ሄዶ ይሰለፍ ነበር። ምግቡ ጥሩ ነበር። ግን ማደኑም ራሱ ሰውን ይስብ ነበር።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከንቱ አይደለም። ወረፋ መረጃ ነው። ብዙ ሰው የሚበላበት ቤት ምግቡ ቶሎ ያልቃል፣ የሚያድር ነገር ይቀንሳል። ሽታም መረጃ ነው። ያረጀ ዘይት ከሩቅ ይታወቃል። ችግሩ ወረፋ ስለ ማዮኔዙ አይነግራችሁም። ከፊታችሁ የቆመውም ሰው የተሰለፈው ከፊቱ ሰው ስላየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች ወደ መስኮቱ ያድርሷችሁ። ብር ለማውጣት ግን ሌላ መመዘኛ ይኑራችሁ።

## በምን እንለካው?

ውሃና እጅ። ከሁሉ በፊት የማየው ይህን ነው። ምግብ ቤት ከሆነ ቧንቧ አለ። ውሃ ቢጠፋ ሮቶ አለ። መኪና ግን ውሃውን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ጠዋት የተሞላው ጀሪካን እጅም፣ ቢላዋም፣ ሰላጣም፣ ዕቃም ያጥባል። እስቲ እናስላው። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለ60 ደንበኛ ቢካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው የአንድ ለስላሳ ጠርሙስ ያህል ነው። በዚያ ውሃ እጅ ታጥቦ፣ ቲማቲም ታጥቦ፣ ቢላዋ ይታጠባል? አይታጠብም። አንዱ ይቀራል። ስለዚህ ስንት ጀሪካን እንዳለ በዓይናችሁ ቁጠሩ። ትልቅ ታንከርና ቧንቧ ያለው መኪና ካያችሁ ትልቁን ፈተና አለፈ ማለት ነው።

ከዚያ እጅን ተመልከቱ። ብር የሚቀበለው እጅና ዳቦ የሚከፍተው እጅ አንድ ነው? ጓንት ብቻውን መልስ አይሆንም። በጓንት ብር ተቀብሎ፣ በዚያው ጓንት ቲማቲም የሚያነሳ ሰው ደጋግሜ አይቻለሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር እኔ ያሰብኩት ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነበር። አሁን በስልክ የምከፍለው ለምግቡም ብዬ ነው። ሻጩ የእኔን ብር ካልነካ የብሩ ቆሻሻ ዳቦዬ ላይ አይደርስም።

ቢሮዬ ጀርባ ሳምቡሳ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ። መኪና የላቸውም። ያላቸው አንድ የመስታወት ሣጥን፣ አንድ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ጣሳ ነው። ብሩን ራሳችሁ ጣሳው ውስጥ ትከታላችሁ። መልሳችሁን ራሳችሁ ታነሳላችሁ። «እጄን አታስነኩኝ ልጆቼ» ይላሉ። ሳምቡሳውን በመቆንጠጫ አንስተው ወረቀት ላይ ያደርጉላችኋል። ብዙ ብር የወጣበት መኪና ያልፈታውን ነገር እሳቸው በአንድ ጣሳ ፈቱት። ንጽሕና ስንል ቀለምና መብራት ከሚታየን ይህ ቢታየን እመርጣለሁ።

ሙቀት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ቁጥሩ ቀላል ነው። ምግብ ሲበስል መሃሉ 70 ዲግሪ ይድረስ። የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። በመካከሉ ጀርም ይራባል። አዲስ አበባ ደጋ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ቢሆን ከ70 በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በሸክላ እየተንተከተከ ፊታችሁ የሚቀርብ ሽሮ ከከተማው ምሳ ሁሉ የማያሰጋው ነው። እሳቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ለብ ያለ ሥጋ ግን፣ ጠዋት ተጠብሶ መስታወት ውስጥ የቆየ ዶሮ ግን፣ ሌላ ነገር ነው። «አሙቁልኝ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንድ ጀርም ምግቡ ላይ የሚተወው መርዝ ተመልሶ ቢሞቅም አይጠፋም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ሆዳችን ሲታወክ ሁሌም የመጨረሻውን ምሳ እንከሳለን። በሰዓታት ውስጥ የሚያስመልስ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ ግን ከያዘን በኋላ ለመታየት ከ6 እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል። ትላንት የበላችሁበትን ቤት ከመርገማችሁ በፊት ያለፉትን ሳምንታት አስቡ።

ጥሬ ነገር። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ጎመን። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ አትክልት ከተማው ገበያ ይገባል። ወንዙ ምን ያህል እንደተበከለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቤት ውስጥ ደጋግሞ አጥቦ መብላት ይቻላል። ከላይ ባሰላነው የጀሪካን ሒሳብ ግን አይቻልም። እኔ ውሃው በቂ መስሎ ካልታየኝ «ያለ ሰላጣ» ብዬ አዝዛለሁ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ጾምና ሃላል። ለብዙዎቻችን ይህ ከዋጋም ይቀድማል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ያ ማለት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ምሳ የሚወስነው ጾሙ ነው። ፉድ ትራክ ላይ ችግሩ ጠባቡ ቦታ ነው። አንድ መጥበሻ፣ አንድ ዘይት፣ አንድ ቢላዋ። ድንቹ የጾም ነው። የተጠበሰበት ዘይት ግን ጠዋት ዶሮ ወጥቶበታል። እኔ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ።

«እህቴ፣ ዘይቱ ለድንች ብቻ ነው?»

«አይ፣ ዶሮም እንጠብስበታለን። ለጾም ከፈለግሽ ሌላ መጥበሻ ላድርግልሽ፣ ትንሽ ትጠብቂያለሽ።»

እንዲህ የምትመልስ ልጅ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑላት። ሌላም አለ። ማዮኔዝ ከእንቁላል ነው የሚሠራው። ረቡዕ ቀን «የጾም በርገር» ብሎ ማዮኔዝ የሚቀባ ቤት ሞልቷል። አንዳንድ ለስላሳ ዳቦም ወተት ወይም ቅቤ ይገባበታል። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ጥያቄያቸው «ሥጋው የማን ነው?» የሚል ነው። ምግብ ቤት ከሆነ ሃላል መሆኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መኪና ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነው። ሻጩ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚያመጣ ቶሎ ካልመለሰ እለፉት።

ጠቅላላ ዋጋ። ሜኑ ላይ ያለው ቁጥር ግማሹ ነው። ለስላሳው፣ ውሃው፣ ከምግብ በኋላ የምትጠጧት ቡና ይደመሩ። ትልልቅ ቤቶች ላይ 15 በመቶ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ከዚያ በወር አባዙት። አንድ ምሳ 200 ብር ነው እንበል። በ22 የሥራ ቀን 4,400 ብር ይሆናል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «በቀን 200 ብር ምን አላት» የሚለው ሰው በወር ሲሰላለት ዝም ይላል።

ጊዜ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ስለዚህ ዓርብ የሚሆን ነገር ማክሰኞ ላይሆን ይችላል። ወረፋን ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። ሰዓታችሁን ይዛችሁ በ5 ደቂቃ ስንት ሰው እንደተስተናገደ ቁጠሩ። 4 ሰው ከሆነና ከፊታችሁ 12 ሰው ካለ፣ 15 ደቂቃ ትቆማላችሁ። መራመዱንና መብላቱን ጨምሩበት።

ጥጋብ። ጥያቄው አንድ ነው። 9 ሰዓት ላይ ይርበኛል ወይ? የሚርባችሁ ከሆነ ምሳው ርካሽ አልነበረም። ብስኩቱንም ደምሩበት።

## እያንዳንዱን ስንመለከት

### ፉድ ትራክ

ጥሩ ጎኑን ልጀምር። ምግቡ ፊታችሁ ይሠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምግብ ቤት ስትገቡ ማድ ቤቱን አታዩም። እዚህ እጁን፣ ዘይቱን፣ ቢላዋውን፣ ሁሉንም ታያላችሁ። ችግሩ ብዙዎቻችን ቆመን ስልካችንን ነው የምናየው። ቀና ብላችሁ ካያችሁ ፉድ ትራክ ከሁሉም ግልጹ ማድ ቤት ነው።

ሜኑው አጭር ሲሆን ደስ ይለኛል። አራት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚሸጥ መኪና ዕቃው ቶሎ ያልቃል፣ እጁም ይለምዳል። በርገር፣ ፒዛ፣ ሻዋርማ፣ ዓሣ፣ ጁስና አይስክሬም በአንድ ቫን ውስጥ ካያችሁ ግን ፍሪጁ የት እንዳለ ጠይቁ። ያ ሁሉ ዕቃ የት ይቀዘቅዛል? ጄነሬተሩ ይሠራል ወይስ ጠፍቶ ቆሟል? ድምፁን ስሙ።

ዋጋው መሃል ላይ ነው። የቤት ኪራይ ስለሌለበት ርካሽ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። ግን ነዳጁ፣ ጋዙ፣ የሚጣለው ዕቃና ማሸጊያው ሁሉ የእኛ ሒሳብ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ከሽሮ ይወደዳል። ከትልቅ በርገር ቤት ግን ያንሳል። እጅ መታጠቢያም አስቡ። ብዙዎቹ ለደንበኛ የላቸውም። ሶፍትና ሳኒታይዘር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ጠይቁ። ነገም እዚህ ይቆማል ወይ? አንድ ቦታ ሁለት ዓመት የቆመ መኪና ፊት የሚያውቃቸው ደንበኞች አሉት። ቢያሳምማቸው ነገ ተመልሰው እንደሚመጡ ያውቃል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ሰፈር የሚሆነው እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ ይህን በሥርዓት ለመፍታት ሞክራለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መሃል ከተማ ያሉ የተመረጡ ቦታዎች ለፉድ ትራኮች በየወሩ በዕጣ ይደለደላሉ። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቼ የትኛው መኪና የት እንደሚቆም አስቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። እኛ ጋ መተማመኛው የሻጩ ፊትና የቆመበት ጊዜ ነው።

የሠራተኛው የጤና ምርመራ ካርድም አለ። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሊኖረው የሚገባ ነገር ነው። «ካርድ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግድግዳቸው ላይ የለጠፉ ሲያጋጥሙኝ ልቤ ይረጋል።

### ጎዳና ዳር

ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ በክረምት የተጠበሰ በቆሎ። ዳቦ ውስጥ የድንች ጥብስ ተሞልቶ በቃሪያ የሚበላው እርጥብም አለ። ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጣዕም ነው። ውጭ ከሚገዛው ሁሉ ርካሹና ፈጣኑ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። «ጎዳና ዳር ከሆነ ቆሻሻ ነው፣ መኪና ከሆነ ንጹሕ ነው» ይባላል። እሳት ላይ ያለ በቆሎ ግን ማዮኔዝ ከተቀባ በርገር ይልቅ የሚያሰጋው ያንሳል። የተቀቀለ ድንች ልጣጩ ካለ ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣው። አሁን ከዘይት የወጣ ሳምቡሳም እንዲሁ ነው። የሚያሰጋው የቀዘቀዘው፣ አቧራ የጠጣው፣ ጋዜጣ ላይ የቆየውና ሁሉም የሚነክርበት የቃሪያ ማባያ ነው። ትኩሱን ምረጡ። ማባያውን ተዉት።

ጉድለቱ ጥጋቡ ነው። ሁለት ሳምቡሳ ምሳ አይሆንም። ዱቄትና ዘይት በየቀኑ መብላትም ለጨጓራ ጥሩ አይደለም።

### ትንሽ ምግብ ቤት

ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ ፍርፍር፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በአትክልት። እጅ መታጠቢያ አለ፣ ወንበር አለ፣ ውሃ ይቀዳላችኋል። ለጾም ከዚህ የሚሻል የለም፤ ረቡዕና ዓርብ የብዙዎቹ ማድ ቤት ራሱ ጾም ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ማኅበራዊ ብታዝዙ የአንድ ሰው ድርሻ ይረክሳል። ፍርፍሩም፣ ፓስታውም፣ አትክልቱም በአንድ ትሪ ይቀርባል። ምሳ ከሰው ጋር ሲበላ ደግሞ ያጠግባል፤ ይህን በሒሳብ ማስረዳት አልችልም፣ ግን እውነት ነው።

ጉድለቱ 6፡45 ላይ ወንበር አለመገኘቱ ነው። ሌላው ማድ ቤቱ አለመታየቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው መጸዳጃ ቤቱንና እጅ መታጠቢያውን ነው። ሳሙና ካለ ማድ ቤቱም ሳሙና አለው ብዬ አስባለሁ።

### የመሥሪያ ቤት ክበብ

ክበብ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኪራይ ስለማይከፍል ወይም ትንሽ ስለሚከፍል ዋጋው ይቀንሳል። አንዳንዱ ክበብ የውጭ ሰውም ያስተናግዳል። ጥበቃው ጋ «ለምሳ ነው» ማለት ይበቃል። ምግቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ግን ልክ በምሳ ሰዓት ትኩስ ነው፣ ሜኑው ይታወቃል፣ ሠራተኞቹም አይለዋወጡም። ከ7፡00 በኋላ ከደረሳችሁ የሚቀረው ጎመን ነው። ቀድማችሁ ድረሱ።

### ምሳ ዕቃ

ከሁሉም ርካሹ ምሳ ቤት ተቋጥሮ የሚመጣው ነው። ዘይቱን ታውቁታላችሁ፣ ጾሙን ታውቁታላችሁ፣ ቅመሙን ታውቁታላችሁ። ግን የ2 ሰዓቱ ሕግ ለእኛም ይሠራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተቋጠረ የሥጋ ወጥ እስከ 6፡30 ቦርሳ ውስጥ ከቆየ 5 ሰዓት ተኩል አለፈው። ቢሮ ፍሪጅ ከሌለ ደረቅ ነገር ቋጥሩ። ደረቅ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ፍሪጅና ማይክሮዌቭ ካለ ምንም አያስጨንቅም፤ እስኪያቃጥል አሙቁት።

ትልቁ ፈተና ጠዋት መነሳቱ ነው። ይህን የምትሠራላችሁ እናት ወይም የትዳር አጋር ካለች፣ ድካሟንም ዋጋው ውስጥ አስገቡ።

### በስልክ ማዘዝ

ዝናብ ሲሆን ወይም ስብሰባ ሲረዝም ይጠቅማል። የማድረሻው ክፍያ ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ ለአምስት ሰው ይቀላል። ምግቡ ግን መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ቺፕስ ጨርሶ አይታዘዝም።

## ጠቅለል አድርገን በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ዋጋ | ፍጥነት | የሚያሰጋው | ለጾም | ጥጋብ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፉድ ትራክ | መካከለኛ | በወረፋው ይወሰናል | ውሃ፣ ማዮኔዝ፣ ጥሬ ሰላጣ | ዘይቱን ጠይቁ | ጥሩ |
| ጎዳና ዳር | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ፈጣን | የቀዘቀዘ ምግብ፣ የጋራ ማባያ | ብዙው ይሆናል | ትንሽ |
| ትንሽ ምግብ ቤት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ዘገምተኛ | የማይታይ ማድ ቤት | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ክበብ | ዝቅተኛ | ፈጣን (ቀድሞ ለደረሰ) | ዘግይቶ መድረስ | ጥሩ | ጥሩ |
| ምሳ ዕቃ | ከሁሉም ዝቅተኛ | ወዲያውኑ | ያለ ፍሪጅ መቆየት | በእጃችሁ ነው | እንደ ቋጠራችሁት |
| በስልክ | ከፍተኛ | የማይታወቅ | መቀዝቀዝ | ቤቱን ጠይቁ | ጥሩ |

## ለማን የትኛው ይሻላል?

ደመወዙ የጀማሪ ለሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ፣ ሁለት ቀን ክበብ። በ200 ብር ምሳ በወር 4,400 ብር የሚያወጣ ሰው ሦስቱን ቀን ከቤት ቢቋጥር ከውጭ የሚበላው 9 ቀን ያህል ነው። ወጪው ወደ 1,800 ብር ይወርዳል። ለቤት አስቤዛው የሚወጣው ሲደመርበትም ልዩነቱ ለታክሲ ይተርፋል።

ለሚጾም። ትንሽ ምግብ ቤት ወይም ክበብ። ፉድ ትራክ ካማራችሁ ለጾም የተለየ መጥበሻ ያለውን ፈልጉ። «ያለ ማዮኔዝ» ማለትን አትርሱ።

ጨጓራ ላለበት። የተጠበሰውን በሙሉ ተዉት። ቅቅል ድንች፣ አልጫ፣ ፓስታ በአትክልት ያለበት ቤት ሂዱ። ባዶ ሆድ እስከ 8 ሰዓት መቆየትም ጥሩ አይደለም።

ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ። እዚህ ላይ አላመቻምችም። ፊታችሁ የሚፈላ ምግብ ብቻ። ጥሬ ሰላጣ፣ ማዮኔዝና ለብ ያለ ሥጋ አይሁን፤ ከመኪናም፣ ከሆቴልም።

ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል ሹፌር። ጎዳና ዳር ፈጣን ነው፣ ግን በየቀኑ አያዋጣም። በመንገዳችሁ ላይ የምታምኗቸውን ሁለት ሦስት ፉድ ትራኮች ለዩ። የማቆሚያ ቦታ ያላቸውን አስቀድሙ፤ የቅጣት ወረቀት ከምሳው ይወደዳል።

ማታ ከጓደኛ ጋር ለሚወጣ። ለዚህ ፉድ ትራክን የሚያህል የለም። አየሩ፣ መብራቱ፣ ቆሞ መጫወቱ ራሱ የምትከፍሉበት ነገር ነው። በዚህ አላፍርም፣ እኔም እወዳለሁ። ግን ማታ ውሃው የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ቀድማችሁ ብሉ፣ ጨዋታውን በኋላ።

እኔ አሁን እንዲህ ሆኛለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ምሳ ዕቃ ይዤ እገባለሁ። ረቡዕ ክበብ በያይነቱ እበላለሁ። ዓርብ ምሳው ሁለት ሰዓት ስለሆነ ከባልደረቦቼ ጋር ሽሮ ቤት እንሄዳለን። ሐሙስ ፉድ ትራክ ነው። ያኔ ካሳመመኝ ሌላ መኪና ነው፤ አራት ዓይነት ምግብ ብቻ ያለው፣ ጎኑ ላይ ትልቅ ታንከር የታሰረለት። ልክ 6፡30 ከቢሮ ወጥቼ ወረፋው ሳይረዝም እደርሳለሁ። ልጁ ሲያየኝ «እህቴ፣ ያለ ማዮኔዝ አይደል?» ይለኛል። በቴሌብር እከፍለዋለሁ።